የሰኞ በር

እናኑ ከቡሬ ስትደውል ሰላምታዋ አያልቅም። እኔን ጠይቃ፣ ልጆቹን ጠይቃ፣ የጅግጅጋን ነፋስ ሳይቀር ጠይቃ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ገና «ሀሎ» ከማለቴ፦

«ስሜ፣ ተቀምጠሻል?» አለችኝ።

«ቆሜያለሁ። ምነው፣ በደኅና?»

«እንግዲያው ተቀመጭ። አባ ቁልፍ ዐረፉ። ትናንት ቀበርናቸው።»

ተቀመጥሁ። ማማተብ ነበረብኝ፤ ነፍሳቸውን ይማር ማለት ነበረብኝ። ከአፌ ቀድሞ የወጣው ግን «ቁልፉስ?» የሚል ቃል ነው። ወዲያው ደነገጥሁ። ሰው ሞተ ሲባል የዕቃ ነገር ይጠየቃል? እናኑ ግን አልተቀየመችኝም። «አንችም! እኔም እኮን መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ እኔም ተከተልኋት። «የቁልፉን ነገር ኋላ እነግርሻለሁ፤ አሁን እናልቅስላቸው» አለችኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ስማቸውን በጸሎት ለማስጠራት ወደ ቄሱ ቀረብሁ። «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ሲሉኝ ለእናኑ ደወልሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ከአፌ ያልለየኋቸው ሰው የክርስትና ስማቸውን አላውቅም። ደግነቱ እናኑ ታውቅ ኖሯል፤ ገብረ ሥላሴ። ስሙን ካስጠራሁ በኋላ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። ጸሎቱ ለነፍሳቸው ነው፤ ይህ ደግሞ እሳቸውን ለማያውቅ ሰው።

መምህር ጥሩነህ እኛ በተማርንበት የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ የሚታወቁት ግን በበሩ ነው። ዩኒት ሊደር፣ ማለትም የተማሪዎች ሥርዓት ተቆጣጣሪ ስለነበሩ፣ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሊሰቀል ሲል ያን ትልቅ የብረት ፍርግርግ በር የሚቆልፉ እሳቸው ናቸው። ቁልፉን ለዘበኛ አይሰጡም፤ ቢሮም አያስቀምጡም። በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ጎን ያንጠለጥሉታል። አባ ቁልፍ ያልናቸው ለዚህ ነው። በሩ ከተቆለፈ በኋላ የመጣ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ውጭ ይቆማል። አንድ የሹም ልጅ አርፍዶ መጥቶ «አባቴን እጠራለሁ» ቢላቸው፣ «ጥራው፤ እሱም አርፍዷል፣ አብራችሁ ትቆማላችሁ» ማለታቸው ከተማውን ሙሉ ሲያስቅ ከርሟል።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም፤ ነገር ሲያሰላስሉ ይዘረጉታል፣ ይዘጉታል፣ ደግሞ ይዘረጉታል። ሰው ሲያዩ ደግሞ ከእግር ነው የሚጀምሩ። ከበሩ ውጭ ተሰልፈን ስንቆም «ስምሽን ተይው፣ እግርሽን አሳይኝ» ይላሉ። ጭቃ ያውቃሉ። «ይኸ ቀዩ ከማንኩሳ ማዶ ነው። ይኸ ጥቁሩ ከወንዙ ዳር ነው። አንተ ደግሞ ጭቃ የለብህም፤ አንተ ከአልጋህ ነው የመጣኸው» እያሉ ሰልፉን ያልፉታል። ጭቃችንን እንዲያ አጥርተው የሚያውቁ ሰው፣ ጭቃው እግራችን ላይ ሆኖ ምን ያህል መንገድ እንደመጣ ግን አስበውት አያውቁም ነበር። ለእሳቸው ጭቃ የመዘግየት ምልክት ነው፤ በቃ። ቧንቧው ጋ ታጥበን እንድንገባ ያዙናል፤ ተሰልፈን ታጥበን ስንገባ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተጋምሷል። የሰኞ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የእሳቸው ሒሳብ ነው፤ ፈተናም የሚሰጡት ያን ጊዜ ነው።

የእኛን ኑሮ ለማያውቅ ልንገር። የገጠር ልጆች ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነን እንከራይ ነበር። ዓርብ ከክፍል እንደወጣን ወደየቤታችን በእግር እንሄዳለን፤ ቅዳሜን ከቤተሰብ ጋር ስንሠራ እንውላለን፤ ለሳምንት የሚሆነንን ስንቅ፣ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን፣ በጠርሙስ የተሞላውን ሽሮ ተሸክመን እንመለሳለን። ቅርብ ያሉት እሑድ ማታ ይደርሳሉ። የእናኑና የእኔ አገር ከማንኩሳ አልፎ ወደ ቆላው ስለሆነ፣ እሑድ ቅዳሴው፣ ሰንበቴው፣ የስንቁ መሰናዳት ሲያልቅ ይመሽብናል። ስለዚህ የምንነሣው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። ያ ሁሉ መንገድ ተሄዶ፣ ታጥቦ፣ ፈተና ላይ መቀመጥ ነው እንግዲህ።

ሰኞ ሰኞ እንወድቃለን። መምህራኑም ምክንያቱን ያወቁት ይመስላቸው ነበር፤ «የገጠር ልጅ መነሻው ደካማ ነው» ይባላል። አባ ቁልፍም ይህንኑ ያምኑ ነበር። ወረቀታችንን ሲመልሱልን በቁጣ አይደለም፤ ሐኪም ክፉ ዜና እንደሚናገር ሆነው «መነሻችሁ ነው፣ ምን ላድርጋችሁ» ይሉናል። እኛም አምነናቸው ነበር። ሰው ደጋግሞ ሲነግሩት ያምናል።

እናኑ በዚያች የኪራይ ክፍል አብራኝ የምትኖር ልጅ ነበረች። አሥረኛ ክፍል ገብተን ጥቅምት ሳያልቅ በሰኞ ማርፈድ የተነሣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ አንዲት ሰኞ ብትደግም ለዓመቱ ትሰረዛለች። ዓርብ ወደ ቤቷ እንዳትሄድ ደግሞ አባቷ አቶ ይስማው ቃላቸውን ቁርጥ አድርገው ተናግረዋል፦ «በየሳምንቱ ቤቷ የማትመጣ ልጅ የለችኝም። ከቀረች መጥቼ ጓዟን አወጣለሁ።» እናቷ እጃቸውን ያማቸዋል፤ የውሃውም የበርበሬውም ሥራ በእናኑ ላይ ነው። ብትሄድ ትምህርት ቤቱ ያባርራታል፤ ባትሄድ አባቷ ያስወጧታል። በዚያች ጠባብ ክፍላችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

በቀጣዩ ሰኞ የመምህራን ስብሰባ ሆነና ትምህርት ቀረ፤ ፈተናውም ወደ ሐሙስ ተዛወረ። በዚያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ እናኑ ከክፍሉ አንደኛ ሆነች። እኔም፣ ሌሎቹ የገጠር ልጆችም ከወትሯችን ብዙ ከፍ ብለናል። አባ ቁልፍ ደስ አላላቸውም። የገመቱት ሌላ ነው።

«እናኑ ይስማው፣ ተነሽ። ከማን ገለበጥሽ?»

«ከማንም።»

ይህን ስትል ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን ማየት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የጥፋተኛ ዓይን መሰለ።

«ወደ ሰሌዳው ነይ።»

ጠመኔ ሰጧትና ከፈተናው የከበደ ጥያቄ ጻፉላት። ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ሠራችው። ሌላ ሰጧት፤ ሠራችው። ሦስተኛውን በሁለት መንገድ ሠርታ የቱን እንደሚወዱ ጠየቀቻቸው። አባ ቁልፍ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ ክፍል ውስጥ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ዘጉት።

«እንግዲያ ሰኞ ሰኞ ማን ነው የሚፈተንልሽ?»

«እግሬ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ የከተማ ልጅ «በእግርሽ ነው እንዴ የምትጽፊ?» አላት። አባ ቁልፍ አልሳቁም። ወደ እግሯ አዩ። ሐሙስ ስለነበረ እግሯ ንጹሕ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ነገ ስትሄዱ አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አሉ።

ዛቻ ነበር የመሰለን። ለአባቷ ሊከሷት ነው ብለን እናኑ ማታውን ሙሉ ስታለቅስ እኔ ውዳሴ ማርያም ስደግም አደርን።

ዓርብ ከክፍል ስንወጣ ጃንጥላቸውን ይዘው አገኘናቸው። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በሩን እንደ ልማዳቸው ቆለፉና መንገድ ጀመርን። አስፋልቱን እስክንጨርስ ከፊታችን ነበሩ፤ ስለ ሰዓት አክባሪነት ይመክሩናል። ከማንኩሳ ስንታጠፍ ከጎናችን ሆኑ፤ ምክሩም ቀነሰ። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ከኋላችን ቀሩ፤ ድምፃቸውም ጠፋ። እናኑ ዘወር ብላ «መምህር፣ ትንሽ እንረፍ?» አለቻቸው።

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ጃንጥላው ደክሞት እንደሆነ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው። ጥርሳቸው እንደዚያ የሚያምር አይመስለኝም ነበር።

እነእናኑ ቤት ሲደርሱ አቶ ይስማው ደንግጠው ተነሡ። «ምን አጠፋች?»

«ምንም። መንገዱን ላየው ነው የመጣሁ።»

«መንገዱን? ምኑ ይታያል?»

ይህንና ቀጥሎ ያለውን እናኑ ናት የነገረችኝ፤ የእኔ ቤት ከዚያ ማዶ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናኑ ውሃ ቀድታ ወደ በርበሬው ለቀማ ስትገባ፣ አባ ቁልፍ ያበጠ እግራቸውን ዘርግተው ደጅ ተቀምጠው ነበር። አቶ ይስማው አህያዋን በርበሬ እየጫኑ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ገበያ ነዋ። ወደ ፍኖተ ሰላም።»

«ሁልጊዜ ቅዳሜ ይሄዳሉ?»

«እንዴታ! ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«እኛ ትናንት የመጣነው ከዚያ ነው።»

«አዎ።»

«ልጅቱ ስንቅ ለመውሰድ ወደዚህ ትመጣለች። እርስዎና አህያዋ ደግሞ ልጅቱ ትታው ወደ መጣችው ከተማ ትሄዳላችሁ።»

አቶ ይስማው ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። ሲናገሩት ይህን ያህል ግልጽ ነገር ነው፤ ግን በዚያ አገር ማንም ተናግሮት አያውቅም ነበር። አባቶች ቅዳሜ ወደ ከተማ፣ ልጆች ዓርብ ወደ ገጠር፤ እንዲያው ሲተላለፉ መኖር ነው።

«እንዲያ ነው ልማዱ» አሉ አቶ ይስማው፤ አህያዋንም ነድተው ሄዱ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አብረን ተነሣን። የእናኑን ስንቅ አባ ቁልፍ ነጥቀው በትከሻቸው ያዙት። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበረ ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር፤ ወንዙ ጋ የአንድ ጫማቸው ሶል ተላቅቆ ቀረ። ማንኩሳ ስንደርስ ፀሐይዋ ወጥታለች። እናኑ መሰረዟን አውቃዋለች። ሰዓት ስንት እንደሆነ እኛም አልጠየቅን፤ እሳቸውም ሰዓታቸውን አላዩም።

ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ ያየነውን ግን በሕይወቴ አልረሳውም። ተማሪው ሙሉ፣ መምህራኑ ሙሉ፣ ዘበኛው፣ ርእሰ መምህሩ፣ ሁሉም ከበሩ ውጭ ቆመዋል። የከተማ ልጆች ደብተራቸውን አንጥፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰንደቅ ዓላማው አልተሰቀለም። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ዓርብ አባ ቁልፍ ቁልፉን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነው ገጠር የሄዱት፤ ይህ ደግሞ ራሳቸውንም ጨምሮ ለማንም ትዝ አላለውም።

ርእሰ መምህሩ ወደ እኛ ሮጡ። «መምህር ጥሩነህ! የት ነዎት እርስዎ? ቁልፍ! ቁልፍ!»

አባ ቁልፍ ስንቁን ከትከሻቸው አወረዱ። እንደ ልማዳቸው ከእግር ጀመሩ፤ ያን ቀን ያዩት ግን የራሳቸውን እግር ነው። አንዱ ሶል የሌለው፣ እስከ ጉልበቱ የቀላ እግር። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ።

«ዛሬ ያረፈደ ተማሪ የለም» አሉ፣ ሁሉም እስኪሰማ። «ያረፈደው በሩ ነው።»

ከፈቱት። ሰው ሁሉ ሲገባ እሳቸው ወደ ቧንቧው ሄደው ከእኛ ኋላ ተሰልፈው እግራቸውን ታጠቡ። እናኑ አልተሰረዘችም፤ ያን ሰኞ ማን ማንን አርፋጅ ብሎ ይጽፋል? የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜያችን ላይም አባ ቁልፍ ፈተና አልሰጡንም። ወንበር ላይ ተቀምጠው «መነሻችሁንማ አየሁት» አሉ። «ሩቅ ነው።» ያን የድሮውን «መነሻችሁ ነው፣ ምን ላድርጋችሁ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አልሰማሁትም።

በሚቀጥለው ዓርብ የገጠር ልጆችን ሁሉ አስቀሩን፤ እናኑንም «አትሄጅም» አሏት። «አባቴ ጓዜን ያወጣል» ብላ ብትለምናቸው «እኔ ነኝ የምቀበላቸው» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ከፍተው የገጠር ልጆችን በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡን፤ ጠመኔውን ለእናኑ ሰጥተው «የሰኞውን አስረጃቸው» ብለው ወጡ። የሄዱት ገበያ ነው። «ይኸ ትምህርት ቤት እንጂ ገበያ አይደለም» እያሉ ይቆጡን የነበሩት ሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው በበርበሬ ተራ፣ በአህዮች መሐል አቶ ይስማውን ፈለጓቸው። የተባባሉትን አቶ ይስማው ራሳቸው ኋላ በየሰርጉ ሲተርኩት ሰምቼዋለሁ።

«ልጄ ትናንት ሳትመጣ ቀረች» አሉ አቶ ይስማው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ።

«ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

«በምን ሥልጣን?»

«በእግሬ ሥልጣን። እስካሁን ያመኛል።»

የበርበሬ ተራው ሳቀ፤ አቶ ይስማው አልሳቁም። «ስሙኝ መምህር፤ ስንቁን አህያዋ ታመጣዋለች፣ እሱ ገብቶኛል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ልጅ በየሳምንቱ ቤቷን ካላየች ቤቷ ይጠፋባታል። ሰው ልጅህ ከተማ ምን ትሠራለች ሲለኝ ምን ብዬ ነው የምመልስ? አይቻለሁ ልበል?»

አባ ቁልፍ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ ዘጉ። «እንግዲያው ይምጡና ይዩ።»

እኛ ከውስጥ ሆነን መጀመሪያ ያየነው የአህያዋን ጆሮ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ብቅ አለ። ቀጥሎ የአቶ ይስማው ፊት። እናኑ ሰሌዳው ላይ ነበረች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ስለምትጽፍ አላየቻቸውም። እኛ አይተናቸው ትንፋሻችንን ያዝን። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በጽሑፏ ተሞልቷል። «እዚህ ጋ ነው ሁልጊዜ የምትስቱት፤ አንተ ሆይ፣ አታንቀላፋ፣ ተነሥተህ ድገመው» ትላለች፣ በእኛ ላይ እንደ ጌታ ሆና።

«ይኸ ሁሉ የእሷ ጽሕፈት ነው?» አሉ አቶ ይስማው በሹክሹክታ።

«የእሷ ነው።»

«እነዚህ ሁሉ ልጆች የሚሰሙት እሷን ነው?»

«እሷን ነው።»

አቶ ይስማው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ መስኮት አያታለሁ ማለት ነው?»

«በሩን እኔ እከፍታለሁ።»

«ውሃውንስ ማን ይቀዳል?»

«ወንዱ ልጅዎ እጅ የለውም እንዴ?»

«እጅማ አለው» አሉ አቶ ይስማው፣ አሁን ሳይወዱ እየሳቁ። «ልምዱ ነው የሌለው።»

ይህ ሲሆን አህያዋ የርእሰ መምህሩን አበባ ጨርሳዋለች። ሰኞ ርእሰ መምህሩ «ይኸ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የአህያ በረት?» ብለው ሲጮሁ፣ አባ ቁልፍ የመለሱላቸው መልስ በመምህራን ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል አሉ፦ «አህያዋ እኮ በሰዓቷ ነው የመጣች።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ ሄደ። የየጎጡ ሰው እንደ ደቦ ተራ ገባ፤ አንድ ቅዳሜ የአንዱ አህያ፣ ሌላ ቅዳሜ የሌላው የሁላችንንም ስንቅ ይዞ ይመጣል። እናቶች ስልቻውን በየራሳቸው ክር አፉን ያስሩታል፤ የእኔ እናት በነጭ፣ የእናኑ እናት በቀይ። የከተማ ልጆች «የአህያ ክፍል» እያሉ ሲሰድቡን ቆይተው፣ የእናኑ ማስረዳት ሲጥማቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ቆሏችንን ይበሉ ጀመር። አንድ መምህር «ለገጠር ልጆች ሲባል የሰኞው ፈተና ይዛወር ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባ ቁልፍ «የለም፣ ሰኞ ይሁን። ቅዳሜን ይዘናል፣ ሰኞን ምን ያስፈራናል?» አሉ። በሩንም እንደ ድሮው በሰዓቱ ይቆልፉ ነበር። ያን አልተዉትም።

ሁሉም ሆነለት ብዬ አልዋሽም። ቅዳሜን አግኝተውም ያልቀናቸው ነበሩ፤ አህያም ዘመድም የሌለው፣ ስንቁ በሌላ ሰው ቸርነት የሚመጣ፣ ኋላም ያቋረጠ ልጅ ነበር። አባ ቁልፍ የዚያን ልጅ ስም ሲያነሡ ጃንጥላውን ዘርግተው መዝጋት ይረሱ ነበር። ግን ሰኞ ሰኞ መውደቃችን ቀረ። ጥር ላይ ውጤት ሲነገር ከፊት ካሉት ስሞች መሐል ቀይና ጥቁር ጭቃ ያላቸው እግሮች ብዙ ነበሩ።

የመጨረሻው ፈተና ሰኞ ሊጀመር ነው፤ ግንቦት ማለቂያው ላይ ነን። ያን ሰሞን ዝናቡ ቀደመ። ቅዳሜ አህያ ሳይመጣ ቀረ። ወንዙ ሞልቷል የሚል ወሬ ከማንኩሳ ደረሰ፤ ስንቃችንም አልቋል። እናኑ ስለ ስንቁ አልነበረም የምትጨነቅ። «አባባ እንደ ሌላው ሰው ወንዝ ሞላ ብሎ አይመለስም፤ ገብቶበት ይሆናል» ብላ ነጠላዋን አገልድማ ወደ በሩ ሄደች። ተከተልኋት። አባ ቁልፍ በሩ ላይ ቆመው ነበር። በሩን በሰፊው ከፈቱት።

«ክፍት ነው» አሏት። «እኔ አልከለክልሽም። ወንዙ ግን ይከለክልሻል፤ ሰኞም ያመልጥሻል። ብትቆይ እኔም እዚሁ እቆያለሁ።»

እናኑ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እሳቸውም ጃንጥላውን ዘርግተው ከጎኗ ተቀመጡ። ቆሏችንን ይበሉ የነበሩት የከተማ ልጆች እናቶች ዳቦ ይዘው መጡልን። በማግስቱ ቅዳሴ ላይ የተሳልሁትን ስለት እዚህ አልጽፈውም፤ በኋላ ግን አግብቼዋለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አቶ ይስማው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። አህያ የለም። እስከ ደረታቸው ርሰዋል፤ በቀይ ክር የታሰረው ስልቻ ግን ራሳቸው ላይ ደረቅ ነበር። ከኋላቸው ሌሎች አባቶች ስልቻ ተሸክመው ይመጣሉ፤ በገመድ ተያይዘው ነው የተሻገሩት። እናኑ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አህያዋስ?» አሉ አባ ቁልፍ።

«ወንዙን አይታ ተመለሰች። ለፈተናው አልተዘጋጀችም።»

አቶ ይስማው ያን ቀን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ሰኞ ጠዋት ከእኛ ጋር መጡ፤ ልጃቸው ስትገባ ማየት ፈለጉ። እናኑ ከሰልፉ ፊት ነበረች። ንጹሕ እግር፣ ንጹሕ ነጠላ። ሰዓቱ ሲደርስ አባ ቁልፍ እንደ ልማዳቸው በሩን ዘግተው ቆለፉት፤ አቶ ይስማው ውጭ ቀሩ። ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፦

«ገባች?» አሉ።

«ገባች።»

«በሰዓቷ?»

«ከሁሉም ቀድማ።»

ያን ጊዜ አቶ ይስማው ጎንበስ ብለው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚሳለሙት የበሩን ብረት ተሳለሙት። እኔ ከሰልፉ ውስጥ ሆኜ አይቼ ነውር መስሎኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም።

በዚያ ዓመት ውጤት ሲመጣ በትምህርት ቤቱ ከእናኑ ስም በላይ የተጻፈ አልነበረም። ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና በበርበሬ ተራ እልል ተባለ፤ አቶ ይስማው ለማያውቁት ሰው ሁሉ «በሰዓቷ ነው የገባች» ይሉ ነበር አሉ። እናኑ ዛሬ ቡሬ ላይ ሒሳብ ታስተምራለች። እኔን እግዚአብሔር በነርስነት ወደ ጅግጅጋ አመጣኝ፤ ሥራ ላይ አርፍጄ አላውቅም።

ስልኩ ላይ አልቅሰን ስንጨርስ እናኑ ቃሏን አልረሳችም።

«ጡረታ የወጡ ጊዜ ሁለት ቁልፍ አስቀረጹ» አለችኝ። «አንዱን ለትምህርት ቤቱ አስረከቡ። አንዱን ለአባባ ሰጡት። ‹ሰኞን ዘበኛው ይክፈት፤ ቅዳሜን ግን እርስዎ› አሏቸው። እስከ ዛሬ አባባ አንገት ላይ ነው፤ ከማተባቸው ጋር።»

«እስከ ዛሬ?»

«ትናንት ቀብሩ ላይም አላወለቁት። እኔም ከቀብር መልስ እዚሁ እሳቸው ቤት አደርሁ። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ አይደል? ገና ሳይነጋ ተነሥተው አህያዋን ሲጭኑ ሰማኋቸው። ‹አባባ፣ ሐዘን ላይ ነዎት፣ ሰዉም ይመጣል፤ ዛሬ እንኳ ይቅርብዎ› አልኋቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«‹ልጆቹ ደርሰው ይቆማሉ። እኔ ካረፈድሁ በሩ ያረፍዳል› ብለውኝ ሄዱ።»